ተረከዝ ላይ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች

ቦርሳዬ ውስጥ ፕላስተር ጠፍቶ አያውቅም። ቁልፌን እረሳለሁ፣ የባቡር ካርዴን እረሳለሁ፣ ፕላስተር ግን ሁልጊዜ አለ። አዳማ ጤና ጣቢያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቁስል ሳጥብና ሳሽግ ስለኖርኩ እጄ የለመደውን መተው አቅቶታል። ዛሬ የማጫውታችሁ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሰው ተረከዝ ላይ ስለለጠፍኳት አንዲት ፕላስተር ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል።

ያኔ ሲያትል ከገባሁ አራት ዓመቴ ነበር። ሀገር ቤት “ሲስተር ብርቅነሽ” ሲባል ግቢው ሁሉ የሚያውቀኝ፣ በሽተኛውም ዶክተሩም የሚፈራኝ ቁጡ ነርስ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ግን ሊንውድ በምትባል አጎራባች ከተማ አምስት አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት በተንከባካቢነት ተቀጠርኩ። ሥራውን አልንቀውም፤ ሰው ማጠብና ማብላት የተከበረ ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝ የነርስነት ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ጊዜ መውደቄ ነበር። ሁለተኛው ውጤት የመጣ ዕለት መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በስኮች ጥርቅም አድርጌ አሽጌ አልጋ ሥር ገፋኋቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬን የሚጠይቀኝ ካለ “ኬርጊቨር ነኝ” ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ሲስተር ብሎ የጠራኝን ሰው ደግሞ በዓይኔ ነው የምቀጣው።

ይህ ዓይኔ ምንም ያልሠራባቸው ጋሽ ሃብቶም ብቻ ናቸው። ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ከምኖርበት ክፍል ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ከልጃቸው ከራሄል ጋር ይኖራሉ። ወላጆቻቸው ከኤርትራ የመጡ፣ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ቄራ ሰፈር ያደጉ፣ ማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቅዳሜና እሑድ የትምህርት ቤትና የፋብሪካ ጨዋታዎች ላይ የመስመር ዳኛ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሠርተዋል፤ ወሬያቸው ግን ሁሌም መስመር ነው። ኳስ ሙሉ በሙሉ ካላለፈች አልወጣችም የሚለውን ሕግ ከእሳቸው አፍ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። አንድ ቀን ደግሞ ጎል ሲሆን ባንዲራውን እንዴት እንደሚያነሱት ጠየቅኋቸው። ባለማወቄ አዝነው “ባንዲራ የሚነሳው ለጥፋት ወይም ኳስ ስትወጣ ነው፤ ጎል ሲሆን ዝም ብሎ ወደ መሀል ሜዳ መሮጥ ነው” አሉኝ። ስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ይህንን አውቃለሁ፤ ማወቄን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

በአንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሲመረቁ የማኅበረሰብ ማዕከሉ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ጋሽ ሃብቶም ራሄል የገዛችላቸውን አዲስ ጫማ አድርገው ሲያነክሱ አየኋቸው። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው ጫማው እንደሆነ ነገሩኝና ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ካልሲያቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ተረከዛቸው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ትልቅ ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ቁስል ማገላበጥ አሳፈረኝ፤ ወደ ሥራ የሚወስደኝ ባቡርም ሊደርስ ነው። ሳላጥበው፣ በደንብ እንኳ ሳላየው፣ ከቦርሳዬ ፕላስተር አውጥቼ ለጠፍኩባቸውና ከአፌ የለመድኩት ቃል ወጣ፤ “አይንኩት፣ እሺ?”

እሺ ሲስተር አሉኝ። ፊቴን አጨፍግጌባቸው ወደ ባቡሬ ሮጥኩ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊፍት ውስጥ ራሄልን አገኘኋት። የምትሠራው አውሮፕላን ጣቢያ ነው፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ በአንድ እጇ ቡና፣ በሌላው ስልክ ይዛለች። አባቷን ሁልጊዜ የሚቀመጡበት አውቶቡስ ፌርማታ ወንበር ላይ ካየኋቸው መሰንበቴን ነገርኳት።

“ደህና ነው፣ ያው እግሩን ትንሽ አሞት ነው፤ ያ ጫማ” አለችኝ። “አንቺ አክመሽው የለ? ሶ፣ ብዙም አልተጨነቅኩም።”

አንቺ አክመሽው የለ? ሊፍቱ ምድር ቤት ደርሶ እሷ ስትወርድ እኔ አልወረድኩም። የእሳቸውን ፎቅ ተጭኜ ተመልሼ ወጣሁ።

ጋሽ ሃብቶም በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ስጠብቅሽ ነበር አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ የኳስ ጨዋታ ድምፅ በላይ የተሰማኝ ሽታው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያሸተትኩትን ሽታ አልስተውም። ሶፋው ላይ አስቀምጬያቸው ካልሲያቸውን አወለቅሁ። ፕላስተሯ ራሷ ናት፤ ጠርዟ ጠቁሯል፣ የካልሲ ክር ተጣብቆባታል፣ ዙሪያዋ አብጧል። ለምን እንዳላነሱት ስጠይቃቸው ጥያቄዬ ገረማቸው።

“አይንኩት አልሽኝ እኮ” አሉ። “አንቺ የለጠፍሽውን እኔ ምን አግብቶኝ አነሳዋለሁ? ስታጠብ እንኳ እንዳይረጥብ በፌስታል አስሬ ነበር። ሥራ ላይ ነሽ ብዬ አልደወልኩም እንጂ እንደምትመጪ አውቃለሁ።”

አንባቢዎቼ፣ ሀገር ቤት የታከማችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ባለሙያ ያሸገውን ባለሙያ ነው የሚፈታው። በሽተኛ ፋሻውን ፈትቶ ሲመጣ “ማን ፍታው አለህ?” እያልኩ ስንቱን ገበሬ፣ ስንቱን እናት አሳቅቄያለሁ። ግን ያኔ “አይንኩት” ብዬ አላቆምም ነበር፤ “ከነገ ወዲያ ይምጡ” የሚል ተከታይ አለው። በዚያች ዓርብ ተከታዩን ረሳሁት። እሳቸው ደግሞ መምጫ ክፍል ስለሌለ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።

በንጹህ ውሃ አርጥቤ ቀስ አድርጌ አነሳሁት። ከሥሩ ቆዳው ነጭ ሆኖ ሙክክ ብሏል፤ መሀሉ ባቄላ የሚያህል ጉድጓድ ሆኖ መግል ይዟል። ጋሽ ሃብቶም ቀይ ዳማ ስለሆኑ መቅላቱ በግልጽ ይታያል፤ ከተረከዙ ተነስቶ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው፤ በእጄ ጀርባ ስነካው ይሞቃል። ያመዎታል ወይ አልኳቸው። ምንም አያመኝም አሉ፤ ለማጽናናት ብለው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን አለማመሙ ነው፤ ስኳር የእግርን ስሜት ሲያደነዝዝ ሰው እግሩ እየተበላ ኳስ ያያል። ትኩሳታቸውን ለካሁ፤ ደግነቱ አልነበራቸውም።

አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ፊታቸው ተዘጋ። ወልዱ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው፤ በአንዲት የእግር ጣት ምክንያት ሆስፒታል ገብቶ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ ወጣ። እሳቸው ጠያቂ ሆነው ሄደው ብርድ ልብሱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አይተዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆስፒታልና መጋዝ ለእሳቸው አንድ ናቸው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ እንባዬ ሁሉ መጣ። ለራሄል ደወልኩ፤ ሥራ ስትገባ ስልኳን ሎከር ውስጥ ስለምታስቀምጥ አይነሳም። የኢንሹራንሳቸው ነርሶች ምክር ወደሚሰጡበት ስልክ ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። ያነሳችው ነርስ ዛሬውኑ መታየት አለባቸው፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው አምቡላንስ ጥሩ አለች። ተረጎምኩላቸው።

“ዛሬ አለች እንጂ አሁን አላለችም” አሉ የመስመር ዳኛው።

ያኔ ነው እስክሪብቶዬን ያወጣሁት። የመቅላቱን ድንበር ተከትዬ እግራቸው ላይ ዙሪያውን አሰመርኩና ከጎኑ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ 4:10። በየሰዓቱ እናያለን፣ መቅላቱ ይህን መስመር ካለፈ ያለ ምንም ክርክር እንሄዳለን፣ እስከ ስድስት ከአሥር ብቻ ነው የምጠብቀው አልኳቸው። መስመር ሲያዩ ዓይናቸው ተቀየረ። ሙሉ በሙሉ ካለፈ ነው ብለው አረሙኝና ተስማሙ። አሁን ያለኝ ልብ ያኔ ቢኖረኝ ሁለት ሰዓት ቀርቶ ሁለት ደቂቃ አልጠብቅም ነበር። ያኔ ግን ያገኘሁት መንገድ እሱ ብቻ ነበር፤ ጎትቼ የምወስዳቸው ሰው አይደሉም።

ቁስሉን አጥቤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኜ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቀልኩ። ኳሱ ቀጠለ፤ ማን ከማን እንደሚጫወት አላየሁም። በአምስት ከአሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ መቅላቱ መስመሩን ነክቶ ቆሟል። እንሂድ አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በመስኮቱ ብርሃን እግራቸውን ወዲህ ወዲያ አዙረው መረመሩና “መስመር ላይ ያለች ኳስ ሜዳ ውስጥ ናት” ብለው ፈረዱ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ኳስን ጠልቼ አላውቅም።

ሁለተኛውን ሰዓት ወጥ ቤት ቆሜ ነው የገፋሁት። ለራሄል ሦስት መልእክት ተውኩላት። ፕላስተሯን በፌስታል ጠቅልዬ ለመጣል ስነሳ እጄ ላይ ቀረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ለእሳቸው እግር ብቻ አልነበረም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ማን አከማቸው ይሉኛል፤ ላይሰንስ የሌላት ሴት ስኳር ያለበትን ሰው ቁስል ሳታጥብ አሸገች ተብሎ ስሜ ቢጻፍ፣ ሦስተኛ መፈተን ቀርቶ ሊንውድ ያለውን ሥራዬንም አጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ካርቶኑን አሽጌ አልጋ ሥር የከተትኩ ሰው ስለ ፈተና ምን አስጨነቀኝ? ግን አስጨነቀኝ።

በስድስት ከአሥር መቅላቱ መስመሩን ግማሽ ጣት ያህል አልፎ ነበር። ለጠብ ተዘጋጅቼ ቀና አልኩ። ጋሽ ሃብቶም መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ዓይናቸው እንባ ያዘ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ባንዲራ እንደያዘ ሰው ቀጥ አድርገው አነሱ።

“ወጥቷል” አሉ። “ልበሺና እንሂድ።”

በራሳቸው ላይ ባንዲራ ያነሱትን ሰው አቅፌ አለቀስኩ። አዲሱን ድንበር ተከትዬ ሁለተኛውን መስመር አሰመርኩ፣ 6:10 ብዬ ጻፍኩና መኪና ጠራሁ። መንገድ ላይ ስለ ፕላስተሯ የፈራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ሰሙኝ።

የተቀበለችን ነርስ ፀጉሯ የሸበተ፣ እርጋታ ያላት ሴት ነበረች። በታብሌት አማርኛ አስተርጓሚ ደወለችላቸውና ስኳራቸውን፣ ትኩሳታቸውን፣ ቁስሉን አየች። መስመሮቹን ስታይ ማን እንዳሰመራቸው ጠየቀች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ሃብቶም ቀደሙኝ።

“እኔ ነኝ። ድሮ የመስመር ዳኛ ነበርኩ።”

አስተርጓሚዋ ተረጎመች፤ ነርሷ ሳቀች። እኔን ሊሸፍኑ ነው። አንድ ቀን ዋሽተው የማያውቁ ሰው እንዲህ ያለ እግር ይዘው ለእኔ ይዋሻሉ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነርሷ ሰዓቶቹን እያየች ወደ ኮምፒውተሯ ጻፈች። ሁለተኛው መስመር የተሰመረው ንጋት ላይ ነው፣ መቅላቱ እስካሁን ያለፈው በጥቂቱ ብቻ ነው፣ በዝግታ እየሄደ ስለሆነ ጥሩ ምልክት ነው አለች። ሰው በዝቷል፣ ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ወንበር ላይ ይጠብቁ፣ ምናልባት ኪኒን ወስደው ወደ ቤት ይመለሱ ይሆናል ብላ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዞረች።

ንጋት ላይ? ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አራት ይላል። ያኔ ገባኝ። አዳማ በሽተኛ ካርድ ላይ እንደምጽፈው፣ አሥራ አንድ ዓመት እጄ እንደለመደው፣ በእኛ ሰዓት ነበር የጻፍኩት። እኛ ቀኑን ከንጋት ነው የምንቆጥረው፤ የእኛ ስድስት ከአሥር የእነሱ አሥራ ሁለት ከአሥር ነው። መስመሩ ከተሰመረ ሠላሳ አራት ደቂቃው ነው፤ እሷ ስድስት ሰዓት ተኩል መስሏታል። እየሮጠ ያለው በሽታ በእኔ እስክሪብቶ ምክንያት የሚያዘግም መስሏል።

ጋሽ ሃብቶም ወደ ወንበራቸው እየተመሩ ነው። ዝም ብል ስሜ ይድናል። ይህንን ያሰብኩት ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን አስቤዋለሁ።

“ይቅርታ” አልኳት በእንግሊዝኛ፤ ድምፄ ከፈራሁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። “መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ።”

በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቃል ከአፌ ስሰማ እኔም ደነገጥኩ። የሰዓቱን ነገር ነገርኳት፤ እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ፣ እጄን ሰዓት አድርጌ አሳየኋት። ከዚያ የፕላስተሯንም ነገርኳት፤ ሳላጥብ እንደለጠፍኩ፣ አይንኩት እንዳልኩ፣ ስምንት ቀን እንደቆየ። ነርሷ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣ ከዚያ ወደ እግሩ ተመለከተች። ጎንበስ ብላ በጓንት ጣቷ ሁለተኛውን መስመር ተከተለች። ስትነሳ ያቺ ዝግተኛ ሴትዮ አልነበረችም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጋሽ ሃብቶም አልጋ ላይ ሆነው በክንዳቸው መድኃኒት ይወርድ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ የሞተውን ሥጋ እንደሚያጸዱና መቁረጥ የሚባል ነገር አሁን እንደማያስቡ ሲነግራቸው አስተርጓሚዋ ሁለት ጊዜ እንድትደግምላቸው ጠየቋት።

ነርሷ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ስድብ ጠበቅኩ። ሰዓት ስትጽፊ ጠዋት ወይም ከሰዓት ብለሽ ጨምሪ አለችኝ፤ ቀጥላ የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ላይሰንስ እንደሌለኝ፣ ሁለቴ እንደወደቅኩ ነገርኳት።

“ሦስተኛውን መቼ ነው የምትፈተኝው?” አለች፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ወዲያው ተጠርታ ሄደች።

ራሄል ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም አልደበቅኩም። አባቷን ስማ፣ እግራቸውን አይታ፣ ወደ እኔ ዞረች።

“ኦኬ። አሁን አንቺ ላይ በጣም መናደድ እፈልጋለሁ” አለችኝ። “ግን እዚህ ያመጣሽውም አንቺ ነሽ። ጊዜ ስጪኝ፣ ኮል አደርግልሻለሁ።”

ሦስት ሳምንት ፈጅቶባት ደወለች። እስከዚያ ጋሽ ሃብቶም አምስት ቀን ተኝተው፣ አምስቱንም ጣታቸውንና ተረከዛቸውን ይዘው ቤታቸው ገብተው ነበር። የደወለችው የእግር መመልከቻ መስታወት የት እንደሚሸጥ ልትጠይቀኝ ነው። እኔም ገዝቼ ይዤላት ወጣሁ።

ሆስፒታሉ ቁስሉን ማሸግ ለቤተሰብ አስተምሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለጋሽ ሃብቶም መፍታትን አስተማርኳቸው። ከባድ የነበረው እሱ ነው። ልክ የሰው ንብረት የሚነኩ ይመስል ፊቴን ያያሉ። የእርስዎ እግር ነው፣ የእርስዎ ቁስል ነው፣ ይፍቱት አልኳቸው። ያን ሁሉ ዓመት ማን ፍታው አለህ ስል የኖርኩ ሰው ይህን ስል እዚያ የተቆጣኋቸው ሰዎች ሁሉ በዓይኔ ዞሩ። ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም። ካርቶኑን በቢላ የከፈትኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ፕላስተር መጥፎ ነገር አይደለም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ዛሬም አለ። ብቻ ከመለጠፋችሁ በፊት እጠቡት፣ እዩት። በማግስቱ ፍቱትና ደግማችሁ እዩት፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ቀይሩት። መቅላት፣ ሙቀት፣ ሽታ ካለው ሐኪም አሳዩ። ስኳር ያለበት ወላጅ ካላችሁ ደግሞ ካልሲውን ዝቅ ለማድረግ አትፈሩ፤ አያመኝም ቢላችሁም አትመኑት። እኔ አፍሬ ያልተንበረከክሁበት ግማሽ ደቂቃ የሰው እግር ሊያስከፍል ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ቢሆን እንበረከካለሁ።

ፈተናውን ለሦስተኛ ጊዜ የተቀመጥኩት በዓመቱ ነው። ውጤቱ ስልኬ ላይ የመጣው ከሊንውድ ስመለስ ባቡር ውስጥ ሲሆን፣ አንብቤ ስጨርስ መውረጃዬን አልፌ ነበር። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ጋሽ ሃብቶም ጋ ወጣሁ። ራሄል በሩን ከፈተችልኝ። እሳቸው መስኮቱ ሥር ካልሲያቸውን አውልቀው፣ መስታወቷን ከተረከዛቸው ሥር ይዘው ያያሉ። በቁስሉ ቦታ ላይ ሐምራዊ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

“ጋሽዬ፣ አለፍኩ” አልኳቸው።

 መስታወቷን አስቀመጡ፣ ወንበሩን ደግፈው ተነሱ። እጃቸው ወደ ላይ አልተነሳም። ባዶ እግራቸውን፣ ሳያነክሱ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ ሳሎኑ መሀል ሄደው ቆሙ።